ስቱዋርቶች ከየት መጡ? ተረቱ፣ ሰነዱና ርስቱ

በ1371 የስኮትላንድን ዙፋን የያዘው፣ በ1603 ደግሞ የእንግሊዝን የደረበው የስቱዋርት ቤት ዘሩን የሚቆጥረው ባንኮ ከተባለ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊ ባላባት ነበር (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ትረካውን ያስፋፋው ሄክቶር ቦይስ በ1527 በላቲን ያሳተመው የታሪክ መጽሐፍ ነው። ባንኮ በማክቤዝ ትእዛዝ ሲገደል ልጁ ፍሊያንስ ወደ ዌልስ አመለጠ፤ የፍሊያንስ ልጅ ዋልተር ግን ወደ ስኮትላንድ ተመልሶ የንጉሡ ቤት አዛዥ ሆነ ይላል። ሼክስፒርም ይህንኑ ሐረግ በንጉሥ ጄምስ ዘመን መድረክ ላይ አወጣው። ምንጩ የነበረው የሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ባንኮን የንጉሥ ዳንከን ግድያ ተባባሪ ያደርገዋል፤ ጸሐፌ ተውኔቱ ግን የንጉሡን ቅድመ አያት ከደሙ ንጹሕ አድርጎ አቀረበው።

ባንኮና ፍሊያንስ በዘመናቸው በተጻፈ በአንድም ሰነድ አይገኙም። ዋልተር ግን ይገኛል። ንጉሥ ማልኮም 4ኛ በ1161 ወይም 1162 በሰጠው ሰነድ አያቱ ዳዊት 1ኛ ለዋልተር የሰጡትን ርስትና የአዛዥነት ሹመት ለልጅ ልጆቹ እንዲተላለፍ አጸና። ስሙ ዋልተር ፊትዝ አለን፣ ማለትም የአለን ልጅ ነው። ይህ አጠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ችግሩም ያው ነው፤ ሁለተኛው ስም በየትውልዱ ስለሚለወጥ፣ ሹመቱ የቤተሰብ ስም እስኪሆን ድረስ ሐረጉን መከተል አድካሚ ነው።

ቁልፉ የተገኘው ከገዳም ነው። ዋልተር በ1163 ገደማ በሬንፍሩ ርስቱ ውስጥ፣ በኋላ በፔዝሊ የጸናውን ገዳም ሲመሠርት መነኮሳቱን ያስመጣው ከዌልስ ድንበር አጠገብ፣ በእንግሊዝ ሽሮፕሽር ከሚገኘው ዌንሎክ ነበር፤ የዌንሎኳ ቅድስት ሚልቡርጋም አብራ ተሰየመች። ሰው ገዳም ሲተክል የአገሩን ቅዱሳን ያስባል። ጆርጅ ቻልመርስ በ1807 ዋልተርን የሽሮፕሽር ባለርስት የአለን ልጅ መሆኑን አሳየ፤ ሆራስ ራውንድ ደግሞ በ1901 ሐረጉን ባሕር አሻግሮ በብሪታኒ የዶል ቤተ ክህነት አዛዦች ከነበሩ ሰዎች ጋር አገናኘው። ስለዚህ የስኮትላንድ ነገሥታት አባት ብሪታኒያዊ ስደተኛ ነበር፤ ሹመቱም የአያቶቹ ሙያ።

ዝምድናው ከነጭራሹ የተረሳም አልነበረም። የዋልተር ወንድም የዊልያም ዘሮች በእንግሊዝ የአረንደል መሳፍንት ሆነው ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ሲዋጉ፣ በ1336፣ የአረንደሉ ሪቻርድ በስኮትላንድ አዛዥነት ላይ አለኝ ያለውን መብት ለኤድዋርድ 3ኛ በ1,000 ማርክ ሸጠ። በሕግ ይህ ነው የሚባል መብት አልነበረውም፤ የስኮትላንዱ ቅርንጫፍ በሕይወት ነበርና። ሽያጩ የሚያሳየው ግን ዘመዳሞቹ ማን ከማን እንደሚወለድ ያውቁ እንደነበረ ነው። ከእንግሊዝ ጋር በጦርነት ለተፈተነ ሥርወ መንግሥት የአገር ተወላጅ ባንኮ ከእንግሊዛዊ ዘመድ ይልቅ ምቹ አያት ነበር።

ሰነዶቹ ወደ ዶል የሚያደርሱትን ያህል ወደ ሬንፍሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች አያደርሱም። የርስት ሰነድ የሚጻፈው ለተቀባዩ ነው፤ የሚጠቅሰውም ሰጪውን፣ ወሰኑንና ምስክሮቹን ነው። ዋልተር ከመምጣቱ በፊት ያን መሬት ያረሱትና ያስተዳደሩት ሰዎች በሰነዶቹ ውስጥ እምብዛም አይነሡም፤ ሐረጋቸውን የሚመዝዝ ተመራማሪም የሚጀምርበት ስም አያገኝም።