ሁለገብ ሪቮልቨር፦ ለመታጠቅም፣ ለቤትም፣ ለዒላማም

ከወገብ የሚመዘዘውን አጭር መሣሪያ ሁሉ በአማርኛ ሽጉጥ ብለን እናልፈዋለን። አሜሪካ የሚኖር አንባቢ መሣሪያ መሸጫ ሲገባ ግን ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ፊት ለፊት ተደርድረው ያገኛል። አንደኛው ጥይቱን በእጀታው ውስጥ በሚሰካ ካርታ የሚጎርስ፣ በተተኮሰ ቁጥር ቀለሃውን ራሱ አስፈንጥሮ ቀጣዩን ጥይት የሚያቀባብል ነው። ሁለተኛው ሪቮልቨር ነው፤ ካርታ የለውም። ጥይቶቹ የሚቀመጡት ከአፈሙዙ በስተኋላ ባለ፣ ዙሪያውን በተበሳ ድቡልቡል ብረት ውስጥ ሲሆን፣ ብረቱ በእያንዳንዱ ተኩስ አንድ እርምጃ እየዞረ ተረኛውን ጥይት ከአፈሙዙ ጋር ያገጥማል። ስሙም የመጣው ከዚሁ መዞር ነው። በዚህ ጽሑፍ ድቡልቡሉን ብረት ከበሮ፣ መሣሪያውን ደግሞ ባለከበሮ ሽጉጥ እለዋለሁ። «ስድስት ጎራሽ» የሚለው አጠራር የጥይቱን ቁጥር እንጂ አሠራሩን አይናገርም፤ ዛሬ አምስትም፣ ሰባትም፣ ስምንትም የሚጎርሱ ባለከበሮዎች ይሸጣሉ።

ሳሙኤል ኮልት በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። ብዙ ሰው ይህ ሁሉ ዘመን ያለፈበት መሣሪያ ዛሬም ለምን እንደሚገዛ ይገርመዋል። መልሱን ለማየት አንዱን ባዶውን እጅ ላይ አድርጎ ማየት ይበቃል። በግራ ጎኑ ያለችውን ትንሽ መክፈቻ በአውራ ጣት ሲጫኑ ከበሮው ወደ ግራ ይወጣል፤ ስድስቱም ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ይታያል። ጥይት አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥርጣሬ እዚያው ያልቃል። ከፊት ያለውን ዘንግ ወደ ኋላ ሲገፉት ቀለሃዎቹ በአንድነት ይወጣሉ። አንድ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን እንደገና መሳብ ነው፤ ከበሮው ዞሮ ሌላ ያቀርባል። የሚቀባበል ነገር የለም። ጣቱ ደካማ ለሆነ ሰው፣ በተለይ የካርታ ሽጉጥን የላይ ብረት ስቦ ማቀባበል ለሚቸግራቸው አረጋውያን፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አንድ አደጋ ግን ከመጀመሪያው ቀን መታወቅ አለበት። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ጠባብ ክፍተት አለች። ሲተኮስ ከዚያች ክፍተት እሳትና የጋለ ጋዝ ወደ ጎን ይተፋል። የካርታ ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ የለመደ ሰው የግራ እጁን ጣት ወደ ፊት ዘርግቶ ከያዘ ጣቱን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። ሁለቱም እጆች ከከበሮው ኋላ መሆን አለባቸው።

አሁን ወደ «ሁለገብ» እንምጣ። ገዢው አንድ ሽጉጥ ገዝቶ ሦስት ሥራ ማሠራት ይፈልጋል፦ ፈቃድ ካለው ታጥቆት ሊወጣ፣ ሌሊት ቤቱን ሊጠብቅበት፣ ቅዳሜ ደግሞ ዒላማ ሊተኩስበት። ችግሩ ሦስቱ ሥራዎች የሚፈልጉት ክብደት እርስ በርሱ መጋጨቱ ነው። ለመታጠቅ የሚመቸው ቀላልና አጭር ነው። ለዒላማ የሚመቸው ከባድና ረዥም ነው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ከ400 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ኪስ ውስጥ ገብቶ ይረሳል። የሩገር ጂፒ100 ባለ 4 ኢንቹ ከ1 ኪሎ በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የታጠቀው ሰው ማታ ወገቡን ያመዋል።

ብዙ ሻጮች ለጀማሪ፣ በተለይም ለሴቶች፣ ትንሿንና ቀላሏን ይመክራሉ። ይህ ምክር ትክክል አይመስለኝም። የተኩስን ግፊት የሚቀበለው የመሣሪያው ክብደት ነው። ብረቱ ሲቀል የቀረውን እጅ ይቀበላል፤ ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ መዳፍ ይቃጠላል፣ ተኳሹም ቃታ ከመሳቡ በፊት መሸማቀቅ ይጀምራል። ያቺ ሽጉጥ ከዚያ በኋላ ልምምድ አታይም። ያልተለማመዱበት መሣሪያ ደግሞ በድንጋጤ ሰዓት ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ያሰጋል። ቀላሏ ሽጉጥ ብዙ ለተኮሰ ሰው ትሁን፤ ጀማሪ ከብረት የተሠራ ይያዝ።

የሁለገብነት ዋናው ምስጢር ያለው ጥይቱ ላይ ነው። 38 ስፔሻል የሚባለው ጥይት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ አለ፤ የአሜሪካ ፖሊስ ለአሥርት ዓመታት የታጠቀው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ 357 ማግነም መጣ። የሁለቱ እርሳስ ውፍረት አንድ ነው፤ የማግነሙ ቀለሃ ግን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ያስረዘሙት ሆን ብለው ነው፤ ኃይለኛው ጥይት ለደካማው በተሠራ አሮጌ ከበሮ ውስጥ ገብቶ መሣሪያውን እንዳይሰነጥቀው። ስለዚህ በ38 ሽጉጥ ማግነም አይተኮስም፣ በማግነም ሽጉጥ ግን 38 ይተኮሳል። 357 የተጻፈበትን የገዛ ሰው ሁለቱንም ገዛ ማለት ነው፦ ለልምምድ ለስላሳውንና ረከስ ያለውን 38፣ ካስፈለገው ኃይለኛውን። ብዙ 38 ከተተኮሰ ከበሮው ውስጥ የሚጋገረውን ጥላሸት በደንብ መጥረግ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ረዥሙ ጥይት አልገባም ይላል።

ለቤት ግን ማግነሙን አልመክርም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአጭር አፈሙዝ ሲተኮስ ድምፁ ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል፤ ብልጭታው በጨለማ ዓይን ያጨልማል። የአሜሪካ ቤቶች የውስጥ ግድግዳም በአብዛኛው ጂፕሰም ሰሌዳ ነው፤ የሳተ ጥይት አልፎ ልጆች የተኙበት ክፍል ይገባል። ለራስ መከላከያ ተብሎ የተሠራ፣ አናቱ የተቦረቦረ 38 ለቤት ይበቃል። እሱም ቢሆን ግድግዳ ይበሳልና ከዒላማው ኋላ ማን እንዳለ ሳያውቁ መተኮስ አይገባም።

የአፈሙዝ ርዝመት ሌላው ምርጫ ነው። 2 ኢንች ለኪስ ይመቻል፤ ግን በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ስለሚያጥር ትንሽ የእጅ ስህተት ዒላማው ላይ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። 4 ኢንች ለዒላማ ደስ ይላል። መካከል ላይ ያለው 3 ኢንች ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኤፍ ቢ አይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለወኪሎቹ ያደለው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 13 ባለ 3 ኢንች፣ 357 የሚጎርስ ነበር፤ ከኮት ሥር ይደበቃል፣ ዘንጉም ቀለሃውን ሙሉ በሙሉ ገፍቶ ለማውጣት ይደርሳል።

የዚያው መሥሪያ ቤት ታሪክ የባለከበሮን ድካምም ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ማያሚ ላይ ወኪሎች ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኩሰው ሁለት ወኪሎች ሲሞቱ አምስት ወኪሎች ቆሰሉ። እጁ የቆሰለ ወኪል ባለከበሮውን መልሶ መሙላት አቃተው። ግጭቱን በመጨረሻ የቋጨውም ሌላ የቆሰለ ወኪል በባለከበሮ ሽጉጥ ነበር፤ ቢሆንም መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ካርታ ሽጉጥ ዞረ። ባለከበሮ የሚገዛ ሰው በእጁ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጥይት ብቻ መሆኑን አምኖ ይግዛ።

ቃታውም ልምምድ ይጠይቃል። በብዙ ባለከበሮዎች ከኋላ ያለውን መምቻ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ መተኮስ ይቻላል፤ ያኔ ቃታው በ2 ኪሎ ግድም ይለቃል። ለዒላማ ይህ ያስደስታል። በቃታው ብቻ ከበሮውን አዙሮ፣ መምቻውን አንስቶ መተኮስ ግን 5 ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈልጋል፤ ለራስ መከላከያ የሚያገለግለው ይኸኛው ነው። በተደናገጠ ሰው እጅ መምቻው የተነሳ ሽጉጥ ሳይታሰብ ሊተኮስ ይችላል። ልምምዱን በከባዱ መንገድ ይጀምሩ።

ምን ልግዛ ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው፦ ሙሉ በሙሉ ብረት፣ 357 የሚጎርስ፣ ባለ 3 ኢንች፣ ከ700 ግራም እስከ 1 ኪሎ የሚመዝን። የሩገር ኤስፒ101 አምስት ይጎርሳል፤ ጠንካራ ነው። የኪምበር ኬ6ኤስ በተመሳሳይ መጠን ስድስት ይይዛል። ከቤትና ከተኩስ ሜዳ የማያልፍ ሰው ጂፒ100 ባለ 4 ኢንቹን ይውሰድ፤ የልጅ ልጁም ይተኩስበታል።

ከሽጉጡ ይልቅ ብዙ ወገኖቻችንን ችግር ላይ የሚጥለው ሕጉ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር አበሻ በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ሊያቋርጥ ይችላል። የቨርጂኒያ የመታጠቅ ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። ሜሪላንድ የእጅ ሽጉጥ ለመግዛት አስቀድሞ የብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ዲሲ ደግሞ መሣሪያው እንዲመዘገብ ታዛለች። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያድር ሹፌር ወገቡ ላይ ያለውን ሽጉጥ ሳያስብ፣ በቨርጂኒያ ፈቃድ ብቻ ድንበሩን ከተሻገረ ወንጀል ሠርቷል። ኡበርና ሊፍትም ሹፌሮቻቸው በሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይፈቀድለታል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። ግሪን ካርድ ያለው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ለመግዛት ለማይፈቀድለት ዘመድ በራስ ስም ገዝቶ መስጠት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ወንድም ቢሆን፣ የአክስት ልጅ ቢሆን፣ ለውጥ የለውም።

ስለ ማስቀመጫ ዝም ማለት አልችልም። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ባለከበሮ ሽጉጥ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚቆለፍ መጠበቂያ የለውም፤ ሞልቶ የተቀመጠ ከሆነ ቃታውን የሳበ ሁሉ ይተኩሰዋል። ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት፣ የመኪና ኪስ ማስቀመጫ አይደለም። በቤታችን የተጨነቀ ወጣት ወይም ቤት የሚያምስ ሕፃን ካለ፣ ጥይቱም መሣሪያውም ተለያይተው ይቆለፉ፤ የሚያሳስበን ሰው ካለም ክፉ ጊዜው እስኪያልፍ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ስለዚህ ለመግዛት የቆረጡ አንባቢ በመጀመሪያ ተኩስ ሜዳ ሄደው አንዱን ይከራዩ፣ አሠልጣኝ አጠገብዎ ይቁም፣ አንድ ሣጥን 38 ስፔሻል በከባዱ ቃታ ይተኩሱበት። ቀጥሎ የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ይግዙ። ሽጉጡን ከዚያ በኋላ ይግዙ።