ስለ ሙቀት መለኪያ መሣሪያዎች ስሕተትና ስለ መፈተኛው ዘዴ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

አንድ ቫን፥ ወይም መኝታና ማእድ ቤት በውስጡ የተሠራለት ቤት መኪና፥ በጉዞ ላይ ሳለ የሞተሩ ሙቀት ከልክ ማለፉን በዳሽቦርዱ ላይ ቢያሳይ፥ ነጂው ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል። ሞተሩ በእውነት ፈልቷልን? ወይስ ሙቀቱን የሚነግረው ሴንሰር ተበላሽቷል? ሞተሩ ፈልቶ ሳለ ሴንሰሩን የሚያማ ሰው ቴስታታው እስኪጣመም ይነዳል፤ ሴንሰሩ ተበላሽቶ ሳለ ሞተሩን የሚጠረጥር ደግሞ ደኅናውን ራዲያተር አስፈትቶ ገንዘቡን ያጠፋል። ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ ከመኪና በፊት የነበረ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገውም፥ «መለኪያው ራሱ በምን ይለካል?» ለሚለው ጥያቄ ሊቃውንት የሰጡት መልስ ዛሬ በጥገና ቤት ለሚሠራበት ምርመራ መሠረት መሆኑን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ16ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ላይ ጋሊሌዎና ሌሎች የኢጣልያ ሊቃውንት የሙቀትን ለውጥ ለማየት የተጠቀሙበት መሣሪያ፥ አፉ ወደ ውሃ የተደፋ የመስተዋት ቱቦ ነበር። በቱቦው ራስ ያለው አየር ሲሞቅ ውሃውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ሲበርድ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። በ1640ዎቹ ቶሪቼሊ አየር ክብደት እንዳለው በሜርኩሪ ቱቦ ካስረዳ በኋላ ግን፥ ይህ መሣሪያ ለሁለት ጌታ የሚገዛ መሆኑ ታወቀ። በሙቀት ይንቀሳቀሳል፤ ሙቀቱ ሳይለወጥ የአየር ግፊት ቢለወጥም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በ1650ዎቹ የቶስካና ታላቅ መስፍን ፈርዲናንዶ ዳግማዊ በፍሎሬንስ አልኮል የያዘና አፉ የተደፈነ ቴርሞሜትር አሠራ። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ መለኪያ የተሠራለትን ነገር ብቻ እንጂ ሌላውን መስማት የለበትም።

ሁለተኛው ችግር የመለኪያዎች አለመስማማት ነበር። ይህን ለማስወገድ በየትም ቦታ የሚገኝ ቋሚ ምስክር ያስፈልግ ነበርና የሚቀልጥ በረዶና የሚፈላ ውሃ ተመረጡ። ይሁን እንጂ ፋሬንሃይት በ1724፥ ሴልሲዩስም በ1742 እንደ ገለጹት፥ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር ይለዋወጣል። በ1777 በሄንሪ ካቨንዲሽ ሊቀ መንበርነት የተሰበሰበው የለንደን ሮያል ሶሳይቲ ኮሚቴ፥ የቴርሞሜትሮች መፍያ ነጥብ ከመሣሪያ መሣሪያ እንደሚለያይ ገልጾ ምልክቱ በምን ዓይነት ዕቃና በስንት የአየር ግፊት መደረግ እንዳለበት ሥርዐት አወጣ።

ሦስተኛው ችግር እርጅና ነው። በ1871 ዊልያም ሲመንስ፥ ፕላቲነም ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመከልከል ኀይሉ እንደሚጨምር በመጠቀም የእቶን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አቀረበ። በ1874 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ኮሚቴ ሲፈትነው ግን፥ በከፍተኛ ሙቀት ከቈየ በኋላ ወደ ቀድሞ ቍጥሩ የማይመለስ ሆኖ ተገኘ። በ1887 ካለንደር ጥፋቱ የፕላቲነም አለመሆኑን፥ ሽቦው ከጐጂ ነገር ከተጠበቀና በደንብ ከተሠራ የሚታመን መሆኑን አስረዳ። በተሠራበት ቀን እውነት የተናገረ መለኪያ ከዓመታት በኋላም እውነት ይናገራል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አራተኛው ችግር የቦታ ነው፤ እርሱም ከመኪና ጋር መጣ። በ1910ዎቹ በአሜሪካ የተስፋፋው ቦይስ ሞቶሜትር በራዲያተሩ ክዳን ላይ የሚቆም ቴርሞሜትር ነበር። ነጂው ከመቀመጫው ሆኖ ያነበዋል፤ የሚያነበው ግን ከራዲያተሩ ውሃ በላይ ያለውን የእንፋሎት ሙቀት እንጂ በሞተሩ ውስጥ ያለውን ውሃ አይደለም። ዛሬም ውሃው ፈስሶ ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ከቀረ፥ ሞተሩ እየተቃጠለ ንባቡ ዝቅ ሊል ይችላል። በቤት መኪናም እንዲሁ ነው። የተለመዱት የሊቲየም ባትሪዎች ከ0 ዲግሪ በታች ሳሉ ኤሌክትሪክ ቢሞሉ ይጐዳሉ፤ ሴንሰሩ በባትሪው ላይ ሳይሆን በማሞቂያው አጠገብ ከታሰረ፥ ደኅና ሆኖ ሳለ ባትሪውን ያስገድላል።

አምስተኛው ችግር የሽቦው ነው። ፋራዴይ በ1833 የብር ሰልፋይድ ከብረታ ብረት ተቃራኒ በሆነ መንገድ፥ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን ይበልጥ እንደሚያሳልፍ አስተውሎ ነበር። በዚህ ጠባይ የሚሠራው ቴርሚስተር የተባለው ዕቃ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በአሜሪካ ለሥራ በቃ፤ ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች የሞተሩን ውሃ የሚለካው እርሱ ነው። ከዚህ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይከተላል። ሽቦው ከተቈረጠ ኤሌክትሪክ አያልፍምና ኮምፒዩተሩ ከባድ ብርድ ያለ ይመስለዋል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ደግሞ ከባድ ሙቀት ያለ ይመስለዋል። ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ግዴታ በሆነው የምርመራ ሥርዐት፥ ፒ0117 የተባለው ኮድ የሴንሰሩ መስመር ምልክት ከልክ በታች መሆኑን፥ ፒ0118 ከልክ በላይ መሆኑን ያመለክታሉ። ኮዱ የሚከሰው መስመሩን በጠቅላላው እንጂ ሴንሰሩን ለብቻው አይደለምና፥ ኮድ አይቶ ወዲያው ሴንሰር መግዛት ፍርድን ከምስክር ማስቀደም ነው።

እንግዲህ ምርመራው በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የውሃው መጠን ይታይ። ቀጥሎ ሌሊቱን ያደረው ሞተር ሳይነሣ ንባቡ ከውጭው አየር ሙቀት ጋር ይነጻጸር፤ እጅግ ከተለያዩ ጥርጣሬው በመለኪያው በኩል ነው። ከዚያ የሴንሰሩ ሶኬት ሲነቀል ንባቡ ወደ ብርድ፥ የሶኬቱ ሁለት መስመሮች በሽቦ ሲገናኙ ወደ ሙቀት ከሄደ፥ ሽቦውና ኮምፒዩተሩ ደኅና ናቸው። የቀረው ሴንሰሩ ነው፤ እርሱም ተፈትቶ በበረዶ ውሃና በፈላ ውሃ ውስጥ እየተነከረ በቴስተር ይለካል፥ ቍጥሩም ከፋብሪካው ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። በብዛት ከሚገኙት ዓይነቶች አንዱ በ20 ዲግሪ ወደ 2,500 ኦም ሲኖረው በ100 ዲግሪ ከ200 ኦም በታች ይወርዳል።

እዚህ ላይ የ1777ቱ ኮሚቴ ሥራ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። በጅቡቲ ወደብ ውሃ በ100 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፥ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ያልተረዳ መርማሪ የፈላውን ውሃ 100 ነው ብሎ ቢነሣ፥ 92 ብሎ እውነቱን የተናገረውን ሴንሰር በሐሰት ይኰንናል። የበረዶው ምስክርነት ግን በሁለቱም ከተሞች ያው 0 ዲግሪ ስለ ሆነ፥ በደጋ አገር ለሚሠራ ሰው ይልቅ የሚታመነው እርሱ ነው።

ከላይ የተዘረዘሩት አምስቱ ችግሮች በተለያየ ዘመን ቢገለጡም፥ ሁሉም የታወቁት በአንድ መንገድ ነው፤ መሣሪያው ስለ ራሱ በሰጠው ቃል ሳይሆን፥ ከእርሱ ውጭ በቆመ ሁለተኛ ምስክር። የቴክኒክ ትምህርት የዛሬዎቹን መሣሪያዎች አጠቃቀም ሲያስተምር የመፈተኛውን ታሪክ አብሮ ቢያስተምር፥ ተማሪው በኮምፒዩተር ላይ የታየውን ቍጥር ሁሉ ከመቀበሉ በፊት በምን እንደ ተረጋገጠ መጠየቅን ይለምዳል ብለን እናምናለን።