የዓይን መቈጣትና ሩቁን ያለማየት ነገር በሆሳዕናና በከምባታ ከተሞች

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ «ዓይኑን ታሟል» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የቀላና የሚያነባ ዓይን ነው። ሩቁን ማየት የተሳነው ልጅ ግን ዓይኑ ንጹሕ ስለ ሆነ እንደ ታመመ አይቈጠርም። ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ ልንመረምር እንወዳለን።

በ1920 ዓ.ም. በሐኪሙ በቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ጅማ ለመሄድ ከአዲስ አበባ የተነሡት ሚሲዮናውያን፥ አሳባቸው ተለውጦ በወላይታና በሆሳዕና ሥራ ጀመሩ። ክሊኒክና ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ማቆም የሚሲዮን ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ክሊኒኩ የዓይኑን ቆብ፥ ትምህርት ቤቱም የፈተናውን ነጥብ ሲመለከት፥ ሩቁን የማያየው ተማሪ በሁለቱ መካከል ይወድቃል ባዮች ነን።

ክሊኒኩን አንወቅሰውም። የዓይን ማዝ፥ ማለት ትራኮማ፥ የቆቡን ውስጥ ደጋግሞ እያስቈጣ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያዞርና ብሌኑን ያስፍቀዋል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፥ በያኔው የደቡብ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች 33 በመቶ ያህሉ ይህ በሽታ ነበረባቸው። በዚያው ጥናት ግን ፈጽመው ያልታወሩ፥ ነገር ግን ዓይናቸው ከደከመ ሰዎች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ችግራቸው በመነጽር የሚታረም ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ሁለተኛውን ቍጥር ሲጠቅስ የሰማነው ሰው ጥቂት ነው።

በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ጓደኛችን «ሰሌዳው አይታየኝም» ባለ ቍጥር የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጠው ነበር። በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት ተቀባ። ቅባቱ ለማዝ ደኅና መድኃኒት ነው፤ የእርሱ ዓይን ግን ማዝ አልነበረበትም። መምህሩም ሰነፍ ይለው ነበር።

የሚያስገርመው፥ ተለያይተው የኖሩት ሁለቱ ጉዳዮች በውጭ አገር ቤተ ሙከራ መቀራረብ መጀመራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዊዝልና ራቪዮላ የትንንሽ ዝንጀሮዎችን የዓይን ቆብ ሰፍተው ቢዘጉ የዓይኑ እንክብል እየረዘመ ሄደ፤ በረዘመ ዓይን ደግሞ የሩቁ ነገር ምስል ሬቲና ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታይዋን ተመራማሪዎች ሃምስተር በሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ላይ ሞክረው፥ የሚያስቈጣ ነገር ሲጨመር ሩቁን አለማየት እንደ ባሰ፥ መቈጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ሲሰጥም እንደ ዘገየ ገለጡ። ከ2 ዓመት በኋላም አለርጂ ዓይናቸውን የሚያስቈጣባቸው ልጆች ሩቁን ወደ አለማየት ይበልጥ እንደሚያዘነብሉ ጻፉ።

ከዚህ ተነሥቶ «ማዝ ሩቁን ይጋርዳል» ማለት ስሕተት ነው። ጥናቱ ስለ አለርጂና ስለ ዓይን ውስጠኛ ክፍል መቈጣት እንጂ ስለ ትራኮማ አይናገርም፤ ከቅርብ አተኵሮ ማንበብና ከቤት ውጭ በብርሃን አለመዋልም ከምክንያቶቹ አልተፋቁም። ሆኖም ዓይኑን ሲያሽ የሚውለውን ተማሪ ቅባት ሰጥተው ከማሰናበት፥ በ6 ሜትር ርቀት ፊደል ቢያስነብቡት ምን ይጎዳል?

ጓደኛችን መነጽር ያገኘው ትምህርት ቤቱን ከለቀቀ በኋላ በአዲስ አበባ ነው። ከሱቁ እንደ ወጣ መጀመሪያ ያነበበው ከመንገዱ ማዶ የቆመውን የአውቶቡስ ታፔላ ነበር።