ቡና የማይጠጣው አንኮበር

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) አንኮበር ላይ ክርስቲያን ሆኖ ቡና አልጠጣም ማለት ማንንም አያስገርምም ነበር። ቡና የሙስሊም መጠጥ ተብሎ የተወገዘ ነው፤ የጠጣ ሰው እምነቱ ይጠረጠራል። ነገሩ የተገለበጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ምኒልክ ራሳቸው ጠጡ፤ አቡነ ማቴዎስም ውግዘቱ እንዲላላ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የሚያስጠረጥረው አለመጠጣት ነው። እኔ የጭንቀት ሕመም አለብኝ። ሐኪሜ መድኃኒት ሲያዝልኝ ቡና እንድቀንስም መከረኝ። ካፌይን አዴኖሲን የሚባለውን፣ ድካማችንን ለአንጎል የሚያሳብቀውን ንጥረ ነገር ሥራውን ይከለክለዋል። ጤነኛ አዋቂ ሰው እንኳ ከጠጣው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ለብዙ ሰው ይኼ ንቃት ነው፤ እንደኔ ላለው ግን ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀቱን ይቀሰቅሳል።

ካፌይኑን መተው ያን ያህል አልከበደኝም። የከበደኝ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የሚረዝመው ጨዋታ ነው። ጎረቤት ጠርታህ "አልጠጣም" ስትል "ምነው፣ ምን አደረግንህ?" ይመጣል። ምክንያቱን ካልተናገርክ ኩሩ ነህ፤ ከተናገርክ ደግሞ "አእምሮውን ያመዋል" ትባላለህ።

መድኃኒቴን አላቋረጥኩም፤ ቡና መቀነስ እሱን አይተካም። ቡና ሲፈላም አልቀርም። እቀመጣለሁ፣ ቆሎ እዘግናለሁ፣ ሲኒው ሲደርሰኝ አሳልፋለሁ። እዚህ አገር ቡና መጠጣት ነውር መሆኑ የቀረው ሰው ልማዱን ስለቀየረ ነው። አለመጠጣትም ነውርነቱ ሊቀር ይችላል።