በጨረራ የተበከለ ውኃን በአልጌ የማጽዳት ዘዴ

አልጌ ወይም ዋቅላሚ በውኃና በእርጥብ ስፍራ የሚኖር፣ ምግቡን በፀሐይ ብርሃን የሚያዘጋጅ ሕያው ነገር ነው። አንዳንድ ዝርያዎቹ በውኃ ውስጥ የሟሙ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮችን በአካላቸው ስለሚያከማቹ፣ የተበከለ ውኃን ለማጽዳት ያላቸው አቅም በምርምር ላይ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1986 በቼርኖቤል፣ በ2011 ደግሞ በጃፓን ፉኩሺማ የደረሱት የኑክሌር አደጋዎች ሲዚየም 137 እና ስትሮንቲየም 90 የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ አካባቢው ለቀዋል። የሁለቱም መጠን በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ያህል ይፈጃል። ስትሮንቲየም ከካልሲየም ጋር ስለሚመሳሰል ወደ ሰውነት ሲገባ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል። ይኸው ተመሳሳይነት ሁለቱን በውኃ ውስጥ ለይቶ ማውጣትን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

አልጌ እነዚህን ንጥረ ነገሮች የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በሕዋሱ ግድግዳ ላይ በማጣበቅ ሲሆን፣ ይህም በሞተ አልጌ ጭምር ይከናወናል። ሁለተኛው ወደ ሕዋሱ ውስጥ በማስገባት ነው። ለምሳሌ ክሎስቴሪየም ሞኒሊፌረም የተባለው፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ፣ በውኃው ውስጥ ባሪየም እስካለ ድረስ ስትሮንቲየምን ከባሪየምና ከሰልፌት ጋር አዋሕዶ በውስጡ ወደ ጠጣር ክሪስታል ይለውጠዋል። ካልሲየም ግን በክሪስታሉ ውስጥ አይካተትም።

በፈረንሳይ አገር ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ በሚቀመጥበት ገንዳ ውስጥ የተገኘው ኮኮሚክሳ አክቲናቢዮቲስ ደግሞ እስከ 20,000 ግሬይ የሚደርስ ጨረራ ይቋቋማል። ለሰው በአንድ ጊዜ ሙሉ አካሉን የሚያገኘው 5 ግሬይ ያህል ጨረራ ያለ ሕክምና ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ይሁን እንጂ አልጌ ጨረራን አያጠፋም፤ በብዙ ውኃ ውስጥ የተበተነውን በጥቂት ስፍራ ይሰበስባል እንጂ። በመሆኑም ሥራው አልጌውን በማብቀል ብቻ አይጠናቀቅም። በወቅቱ ካልተሰበሰበ ሲሞትና ሲበሰብስ የያዘውን መልሶ ወደ ውኃው ሊለቅ፣ በዓሣና በሌሎች እንስሳት ሲበላም ብክለቱን ወደ ምግብ ሰንሰለት ሊያሻግር ይችላል። የተሰበሰበው አልጌ ራሱ ጨረራ አመንጪ ቆሻሻ ስለሚሆን ለምግብ፣ ለመኖ ወይም ለማዳበሪያ ሊውል አይገባም፤ ውኃው ተወግዶለት፣ መጠኑ ተቀንሶና በጥብቅ ታሽጎ በቁጥጥር ሥር መቀመጥ አለበት። የውኃው ሞለኪውል አካል የሆነውን ትሪቲየምን በዚህ ዘዴ ማስወገድ አይቻልም።

ስለዚህ የዘዴው ዋና ጥቅም ተጠብቆ መቀመጥ ያለበትን የተበከለ ነገር መጠን መቀነሱ ነው።