ስለ ራስ ጠጉር መመለጥና ስለ መድኃኒቱ ታሪክ



ባለፈው ሰሞን የመጨረሻው ልጄ፣ ገና 23 ዓመቱ ነው፣ «አባዬ፣ ጠጉሬ እያለቀ ነው። ያጠራቀምኩትን ብር አውጥቼ ላስተክል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ወዲያው መልስ አጣሁ። ምክንያቱም በ1978 ዓ.ም. የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ በ24 ዓመቴ የተመለጥኩ ሰው ነኝ። ቅቤውንም የጉሎ ዘይቱንም ሞክሬያለሁ። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ ብቀባ ራሴን አቃጥሎኝ ሳምንት ሙሉ ቆብ አድርጌ ሥራ ገባሁ። ጠጉሩ ግን እንደሄደ ቀረ። ስለዚህ ለልጄ መልስ ከመስጠቴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላጣራ ብዬ ያገኘሁትን ለእናንተም አቀርባለሁ።

ችግሩ የዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በግብፅ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ የሚባለው የሕክምና ጽሑፍ፣ ለራሰ በራ የአንበሳ፣ የጉማሬ፣ የአዞ፣ የድመት፣ የእባብና የዱር ፍየል ስብ ተቀላቅሎ እንዲቀባ ያዛል። የሮማው ዩልዮስ ቄሣርም መላጣው ስለሚያሳፍረው ጠጉሩን ወደ ፊት ያበጥር፣ የድል አክሊሉንም ዘወትር ይደፋ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶንዮስ ጽፏል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 13ኛ በወጣትነቱ ስለተመለጠ ሰው ሠራሽ ጠጉር አደረገ፤ መኳንንቱም ተከተሉት፤ ውሎ አድሮ የአውሮፓ ወግ ሆነ። እንግዲህ ንጉሥ የሸፈነውን እኔ ጸሐፊው በቆብ ብሸፍን ምን ይፈረድብኛል!

ምክንያቱ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፣ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች እንደማይመለጡ፣ የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ራሰ በራነት ያለባቸው እንደሚመለጡ አሳየ። ስለዚህ ነገሩ የሆርሞንና የዘር ነው እንጂ የቅቤ ማነስ አይደለም።

መድኃኒቱም የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ሚኖክሲዲል የደም ብዛት ኪኒን ነበር። የወሰዱት ሰዎች ጠጉር ሲያበቅሉ ስለታየ፣ የሚቀባው ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለመላጣ ተፈቀደ። ፊናስተራይድ ደግሞ በ1992 ለፕሮስቴት እጢ፣ በ1997 ለወንዶች ጠጉር ተፈቀደ። ሁለቱም ሲቋረጡ መርገፉ ይመለሳል። ፊናስተራይድ በአንዳንዱ ሰው ላይ የሩካቤ ፍላጎትን ስለሚቀንስ ያለ ሐኪም አይወሰድም።

ጠጉር መትከልን በኒውዮርክ ዶክተር ኖርማን ኦረንትራይክ እ.ኤ.አ. በ1952 ጀመሩ። ከኋላ ያለው የማይረግፈው ጠጉር ተነቅሎ ወደ ፊት ይተከላል። ቦታ መለወጥ ነው እንጂ አዲስ ጠጉር አይፈጠርም። በለጋ ዕድሜ ከተተከለ፣ የቀረው መርገፉን ስለሚቀጥል የተተከለው እንደ ደሴት ብቻውን ሊቀር ይችላል።

ለልጄም እንዲህ አልኩት፦ «መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። የደም ማነስ፣ እንቅርት ወይም ቆረቆር ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው። የዘር ከሆነ፣ ከፈለግህ በሚቀባው ጀምር፤ መትከሉን ግን አቆየው። ምንም ባታደርግም ነውር የለበትም። እኔ እናትህን ያገባሁት በመላጣዬ ነው።»

ልጄ ሳቀና «እሺ፣ ሐኪሙን ልይ» አለኝ። እኔም እላለሁ፦ በዚህ እድር ስንቱን ሸኝተናል፤ አንዱንም ግን ለጠጉሩ ብለን አላለቀስንለትም።