የኦካፒ ዜና፦ ስለ ኢቱሪ ጫካ አውሬና ስለ ፈላጊው

በአፍሪካ እምብርት፥ በኮንጎ ምድር በምሥራቅ በኩል፥ ኢቱሪ የሚባል ታላቅ ጫካ አለ። ዛፉ ከዛፍ ስለ ተያያዘ ፀሐይ እስከ መሬቱ እምብዛም አትደርስም። በዚያም ከጥንት ጀምሮ ምቡቲ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ፤ ቁመታቸው አጭር ነው፥ በመረብና በቀስት ያድናሉ፥ ጎጆአቸውንም ከቅጠል ይሠራሉ። ይህ ዜና የሚጻፍለት አውሬ የእነርሱ ጎረቤት ነበረ። ሥጋውን ይበሉ ነበር፥ ዱካውን ያውቁ ነበር፥ መንገዱንም ለልጆቻቸው ያሳዩ ነበር። ለባሕር ማዶ ሰዎች ግን ተረት ነበረ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1887 ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ የተባለው መንገደኛ፥ በላይኛው ዓባይ የተከበበውን ገዥ ኤሚን ፓሻን አወጣለሁ ብሎ፥ ብዙ ሰው አስከትሎ ከምዕራብ ወደ ኢቱሪ ገባ። አምስት ወር ያህልም ሜዳ ሳያይ ሄደ። ረኃብና ንዳድ መርዝ የተቀባ ቀስትም ተከታዮቹን ፈጁበት። በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መከራው ብዙ ጻፈ፤ ከመጽሐፉም ዳር በአንዲት ትንሽ ማስታወሻ፥ የጫካው ሰዎች «አቲ» የሚሉት አህያ መሳይ እንስሳ እንዳለ፥ አንዳንድ ጊዜም በጉድጓድ ወጥመድ እንደሚይዙት፥ ቅጠል እንደሚበላም አስፍሮ አለፈ። የአህያና የፈረስ ዘር የሜዳ ሣር ነውና የሚሻው፥ በዚያ ጨለማ ጫካ አህያ መኖሩ የሚያስደንቅ ነገር ነበረ። ብዙ አንባቢ ያችን ማስታወሻ ሳያስተውል አለፋት። አንድ ሰው ግን በልቡ አኖራት።

ይህም ሰው ሃሪ ጆንስተን ነው። በ1858 በሎንዶን ተወለደ። ቁመቱ አምስት ጫማ ያህል ብቻ ነበረ፤ ድካም ግን አያውቅም ነበር። ሥዕል ተምሮ ሠዓሊ ሆነ፥ የአፍሪካን ቋንቋዎች አጥንቶ ብዙ ጻፈ፥ በ1884 የኪሊማንጃሮን ተራራ ሊመረምር ወጣ፥ ከዚያም ወዲያ የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ሆኖ በኒያሳላንድና በቱኒስ ተቀመጠ። ሹመቱ እየከበረ ሲሄድ አንድ የልጅነት ምኞት አልለቀቀውም። ልጅ ሳለ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የጻፈውን የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፍ አንብቦ ነበር፤ በዚያም ውስጥ በአፍሪካ መካከል ገና ያልታዩ አራዊት እንዳሉ፥ ባለ አንድ ቀንዱም ፈረስ ምናልባት ከእነርሱ አንዱ እንደሚሆን ተጽፎ አገኘ። የስታንሊን ማስታወሻ ባነበበ ጊዜ ያ የልጅነት ፈረስ ተነሣበት። ከዚያ ወዲህ ጆንስተን ስለ ኢቱሪ የሚያስበው ሁሉ ከፈረስ ሐሳብ ተለይቶ አያውቅም፤ ፍለጋውን የጀመረለትም ያሳሳተውም ይኸው ሐሳብ ነው።

በ1899 የእንግሊዝ ልዩ እንደራሴ ሆኖ ወደ ዩጋንዳ መጣ። በመጋቢት 1900 ከቡጋንዳ መኳንንት ጋር ውል ተዋዋለ፤ መሬቱንና ግብሩንም የሚወስን ከባድ ውል ነበረ። ያ ራሱን የቻለ ሌላ ዜና ስለሚሆን እዚህ አላስገባውም።

በዚያን ጊዜ አንድ ጀርመናዊ፥ በ1900 በፓሪስ ሊደረግ በታቀደው ታላቅ ትርኢት ላይ ለገንዘብ ሊያሳያቸው፥ ከኢቱሪ የምቡቲ ሰዎችን በግድ ይዞ ወደ ዩጋንዳ ተሻገረ። የኮንጎ ቤልጂጋውያን ሹማምንት ይህን ሰምተው ጆንስተንን ለመኑት። እርሱም ሰዎቹን ከነጣቂያቸው እጅ አስለቀቀና ወደ አገራቸው እስኪመልሳቸው ድረስ በእርሱ ዘንድ አኖራቸው። ቤልጂጋውያኑ በዚህ ነገር ቅን ሆኑ፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን የንጉሣቸው የሊዮፖልድ ሹማምንት ስለ ጎማና ስለ ዝሆን ጥርስ በኮንጎ ሕዝብ ላይ ያደረጉትን ግፍ ሳይጠቅሱ ማለፍ ለታሪክ ጸሐፊ አይገባም።

ጆንስተንም እንግዶቹን ስለ ጫካው አህያ ጠየቃቸው። ወዲያው ገባቸው። በዚያ የተንጠለጠለ የሜዳ አህያ ቆዳ ነበረ፥ በደጅም አንዲት በቅሎ ቆማ ነበር። ወደ ቆዳው አመለከቱ፥ ወደ በቅሎዋም አመለከቱ፥ አውሬውም በቅሎ የሚመስል፥ እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር ያለበት ነው አሉት። ስሙንም ነገሩት፤ እርሱም «ኦካፒ» ብሎ ጻፈው። በኢቱሪ ተወልዶ ያደገ ሰው፥ ከአገሩ ርቆ በባዕድ ግቢ ቆሞ፥ ለማያውቀው ሹም ያለ መጽሐፍና ያለ ሥዕል የሰጠው ይህ ምስክርነት፥ ከዚያ በፊት ስለዚህ እንስሳ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ የቀና ነበረ።

ከዚያም ጆንስተን ሰዎቹን ወደ አገራቸው ሊመልስ ተነሣ። የሩዌንዞሪን ተራሮች አልፎ፥ የሴምሊኪን ወንዝ ተሻግሮ፥ ቤልጂጋውያን ወደ ሠሩት ወደ ምቤኒ ምሽግ ደረሰ። የምሽጉ አዛዥ የመቶ አለቃ ሜውራ ነበረ፤ ካርል ኤሪክሰን የተባለ ስዊድናዊም ከእርሱ ጋር ነበረ። ስለ ኦካፒ ቢጠይቃቸው እናውቀዋለን አሉት፤ በሕይወት ባናየውም አዳኞች ሬሳውን ያመጡልናል፥ ጆሮው እንደ አህያ ትልቅ ነው፥ ኮቴውም ከአንድ በላይ ነው ብለው ነገሩት። አንድ ቆዳ በምሽጉ ውስጥ ነበርና ቢፈለግ ወታደሮቹ ቆራርጠው ቀበቶና ዝናር አድርገውታል። ዥንጉርጉሩ ስለሚያምር ጌጥ ይሆናቸው ነበር። ጆንስተንም ከእነዚህ ቁራጮች ሁለቱን ተቀበለ።

ኮቴው ከአንድ በላይ መሆኑን በሰማ ጊዜ ግን ልቡ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋ፥ አጥንቱ በድንጋይ ውስጥ የሚገኝ፥ ሂፓሪዮን የሚባል ባለ ሦስት ጣት ፈረስ እንዳለ ያውቅ ነበር። ኦካፒም ያ ፈረስ ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። ፈረስን ይፈልግ ነበርና፥ የሚሰማው ሁሉ ተመልሶ ፈረስ ይሆንበት ነበር።

መሪዎች ተሰጥተውት ወደ ጫካው ገባ። አየሩ ከሙቀቱና ከእርጥበቱ የተነሣ አልተነፈስ አለ፤ የበሰበሰው ቅጠልና ግንድ ሽታ አፍንጫ ይዘጋ ነበር። ለጥቂት ቀናት ፈለጉ፥ አላገኙም። ከዕለታት አንድ ቀን የጫካው ሰዎች ቆሙና በጭቃው ላይ ያለ ዱካ አሳዩት፤ ይህ ነው ኦካፒ አሉት። ጆንስተን ጎንበስ ብሎ አየ። ሸኮናው እንደ ላም ሸኮና ለሁለት የተሰነጠቀ ነበረ። የፈረስን ኮቴ ሲጠብቅ ይህን ባየ ጊዜ፥ ሰዎቹ ሌላ የዱር እንስሳ እያስከተሉኝ ያታልሉኛል ብሎ ጠረጠረ፥ ዱካውንም ትቶት ሄደ። ከዚያም ንዳድ መጣ፤ ነጩንም ጥቁሩንም ሁሉን አስተኛ። ጆንስተን ፍለጋውን ትቶ ወደ ሜዳው አገር ተመለሰ። በሕይወቱ ሁሉ ለኦካፒ ከዚያች ዱካ ይበልጥ በጫካው ውስጥ የቀረበበት ቀን የለም።

ይህ የዜናው ጉልላት ነው፥ ስለዚህም ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ። ጆንስተን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተነጠቁትን አስለቅቋል፥ የአገሩን ቋንቋ ተምሯል፥ ያየውንም በሥዕል በታማኝነት አኑሯል። ደግሞም ስሕተቱን እርሱ ራሱ በመጽሐፉ ገልጦ ስለ ጻፈው ነው እኛ የምናውቀው፤ ይህም ክብሩ ነው። ሆኖም በዚያ ቀን በጫካው ውስጥ ከቆሙት ሁሉ እውነቱን ያላወቀው እርሱ ብቻ ነበረ፥ ውሸታሞች ናቸው ብሎ የፈረደውም እርሱ ነበረ። ሰዎቹ ሲጠየቁ ተናገሩ፥ ሲለመኑ መሩ፥ ዱካውንም በጣታቸው አመለከቱ። ከዚህ በላይ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?

ጆንስተን ሁለቱን የዝናር ቁራጮች ወደ ሎንዶን ላከ። የእንስሳት ጥናት ማኅበር ጸሐፊ ፊሊፕ ስክሌተር በ1901 መጀመሪያ ቁራጮቹን ለሊቃውንቱ አቅርቦ፥ የፈረስ ወገን ነው ብሎ ኤኩዎስ ጆንስቶኒ የሚል ስም አወጣለት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፥ ሜውራ ሞቶ ነበርና፥ ኤሪክሰን አንድ ሙሉ ቆዳና ሁለት የራስ ቅል ለጆንስተን ሰደደለት። ጆንስተን የራስ ቅሉን ባየ ጊዜ ፈረሱ ከልቡ ወጣ። ይህ የቀጭኔ ዘመድ ነበረ! በግሪክ አገር አጥንቱ ከተገኘው ሄላዶቴሪየም ከተባለው የጥንት እንስሳ ጋር አስጠግቶት ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን ሬይ ላንከስተር ከሁሉም የተለየ መሆኑን አይቶ ኦካፒያ ብሎ ሰየመው። እስከ ዛሬም በሊቃውንት መጽሐፍ ኦካፒያ ጆንስቶኒ ይባላል።  ዱካውን ያሳዩትን ሰዎች ስም ግን ብፈልግ አላገኘሁትምና፥ ስማቸው በሚገባበት ቦታ ይህን ዐረፍተ ነገር አኖራለሁ።

ኦካፒም እንዲህ ያለ እንስሳ ነው። ቆዳው ጥቁር ቡናማ ሆኖ እንደ ከፋይ ይለሰልሳል፥ ቅባትም ስላለው ዝናሙን ያንሸራትታል። በጭኑና በእግሩ ላይ ያለው ነጭ ዥንጉርጉር በቅጠል መካከል ከሚወርደው ብርሃን ጋር ተቀላቅሎ ከዓይን ይሰውረዋል። ምላሱ ረጅምና ጠቆር ያለ ነው፤ ቅጠል ይሸመጥጥበታል፥ የገዛ ጆሮውንም ያጸዳበታል። ወንዱ በቆዳ የተሸፈኑ ሁለት አጫጭር ቀንዶች አሉት፤ ሴቲቱ ቀንድ የላትም፥ በአካል ግን ትበልጠዋለች። ከመቶ የሚበልጥ ዓይነት ዕፀዋት ይበላል፥ የወንዝ ዳር ሸክላና መብረቅ ያቃጠለውን ዛፍ ከሰል ሳይቀር ይቀምሳል። ብቻውን ይሄዳል። እናት ግልገሏን የምትጠራበት ድምፅ እጅግ የወፈረ ስለሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም። ግልገሉም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቁጥቋጦ ተሸሽጎ ይተኛል፤ ነብር እንዳያሸተውም አንድ ወር ያህል ፋንድያ አይጥልም። እንዲህ ባለ ጥበብ የሚኖር እንስሳ ከመንገደኛ ዓይን ቢሰወር ምን ይደንቃል።

የኦካፒ መገኘት በብዙ ሰው ልብ እሳት ጫረ። ጄምስ ቻፒን የተባለ አሜሪካዊ በ1913 በዚያው በኮንጎ በአንድ ሰው ቆብ ላይ የተሰካ ላባ አየ፤ የየትኛው ወፍ እንደሆነም ሊያውቅ አልቻለም። ላባውን ጠብቆ አኖረው። በ1936 በቤልጂግ በቴርቩረን ሙዚየም፥ የሕንድ ጣዎስ ተብለው የተቀመጡ ሁለት ወፎች አገኘ፤ ላባው የእነርሱ ነበረ፤ የኮንጎም ጣዎስ በዓለም ታወቀ። ቻፒን ላባውን ከተሰካበት ቆብ ጀመረ እንጂ ከምኞት አልጀመረምና፥ ያገኘውን ነገር ሌላ አላደረገውም።

ሮይ ማካል የተባለው የቺካጎ ሊቅ ግን በ1980ና በ1981 በኮንጎ ሪፐብሊክ ወደ ሊኩዋላ ረግረግ ገባ፤ ሞኬሌ ምቤምቤ የሚባለውን አንገተ ረጅም የውኃ አውሬ ይፈልግ ነበር፥ የጥንት ዳይኖሰር ዘር ነው ብሎም ተስፋ ያደርግ ነበር። የአገሩን ሰዎች በሥዕል እየጠየቀ ምስክርነት ሰበሰበ፤ አውሬውን ግን አላየም። ከእርሱ በኋላም እስከ ቴሌ ሐይቅ ድረስ የሄዱ ብዙዎች ናቸው፤ አጥንትም ቆዳም ያመጣ የለም። ከኦካፒ ይህን ተስፋ መውረሳቸው ይገባኛል። ነገር ግን ኦካፒ ከመታወቁ በፊት ቆዳው በወታደር ወገብ ላይ ነበረ፤ የእነርሱ አውሬ ግን አንድ ጥፍር እንኳ አላስቀረም።

ጆንስተን በ1927 ሞተ። ከታላቁ ጦርነት ፍጻሜ ጀምሮ ኦካፒዎች በሕይወት ወደ አንትወርፕ ይመጡ ጀመር፥ የመጀመሪያዎቹም ብዙ አልኖሩም። በኢቱሪ ውስጥ በኤፑሉ ወንዝ ዳር ኦካፒ የሚያዝበትና የሚጠበቅበት ጣቢያ ቆመ። በ1992 በጫካው የኦካፒ ጥብቅ ስፍራ ተከለለ፥ በ1996 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፥ በ1997 በአደጋ ላይ ካሉት ተቆጠረ። ጦርነት በዚያ አገር አልበረደምና። በሰኔ 24 ቀን 2012 አደንና የወርቅ ቁፋሮ ተከለከልን ያሉ ሽፍቶች በኤፑሉ ላይ ወረዱ፤ ጠባቂዎችንና ሌሎችን ሰዎች ገደሉ፥ ቤቱን ዘረፉና አቃጠሉ፥ በበረት የነበሩትን 14 ኦካፒዎች ሁሉ ፈጁ። በ2013 እንስሳው ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተጻፈ። ጣቢያው ኋላ እንደገና ተሠራ፤ ወርቅ ቆፋሪዎችም ዛሬ ድረስ ወደ ጥብቁ ስፍራ ይገባሉ።

ኦካፒን በዓይን መቁጠር ስለማይቻል የሚቆጠረው በፋንድያውና በዱካው ነው። ለዚህም ሥራ ተመራማሪዎች ወደ ጫካው ሲገቡ፥ ከፊት እየሄዱ የሚመሯቸው የምቡቲ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ኦካፒ ነው ያሉትም በመዝገብ ላይ ኦካፒ ተብሎ ይጻፋል።